የጸዳለ ዳንቴልና የኮምፒዩተሩ ትኩሳት

ጸዳለ ራቁቱን የተቀመጠ ዕቃ ማየት አትወድም። በኤምሬቶቹ አል ዓይን ከተማ፣ አል ኸቢሲ ሰፈር ባለው ቤቷ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፤ ፍሪጁ ለብሷል፤ የውሃ ማጣሪያው፣ የሶፋው መደገፊያ፣ መደገፊያው ላይ የተጣሉት ትራሶች ሁሉ ለብሰዋል። ኢንተርኔት የሚያመጣው ትንሽ ሣጥን እንኳ አንቴናዎቹ የሚወጡበት ሁለት ቀዳዳ ተትቶለት የአራስ ልጅ ቆብ የመሰለ ነጭ ነገር ደፍቷል። ባሏ ሰለሞን ለወዳጆቹ ሲያወራ፣ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ ጸዳለ ክርና ኪሮሽ ይዛ አጠገቡ ተቀምጣ ካገኛት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ትከሻውን መዳበስ ነው፤ እየለካችው እንዳይሆን።

በሙያዋ ነርስ ናት። እዚያው አል ዓይን በአንድ የሕፃናት ክሊኒክ ትኩሳት ስትለካ ጸጉሯ ሸብቷል። ከዚህ የተነሳ ዓለምን የምታየው በሁለት ከፍላ ነው፤ ከሠላሳ ስምንት ዲግሪ በታችና ከሠላሳ ስምንት ዲግሪ በላይ። በታች ያለው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በላይ ያለው ወደ ውስጥ ይገባል። ሌላ ዓይነት ፍጡር አታውቅም ነበር።

በዚያ ነሐሴ ብቸኛ ልጇ ሣሮን ልታገባ ነው። ሙሽራው ኢዮሲያስ አቡ ዳቢ በአንድ ቢሮ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ ክፍሉን ለቆ የሚወጣ ልጅ ነው። አዳራሹ እዚያው አቡ ዳቢ፣ ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ ተይዟል። የጸዳለ እናት እማማ የሺሐረግ ግን ሆሳዕና ናቸው፤ ጉልበታቸው እንኳን አይሮፕላን የቤታቸውንም ደረጃ በልመና ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሙሽሮቹን ከሆሳዕና ሆነው በትልቁ ስክሪን ሊመርቁ ተወሰነ።

ይህ ምርቃት ለጸዳለ ቀላል ነገር አልነበረም። እሷና ሰለሞን አቡ ዳቢ ላይ ሲጋቡ ዘመኑ የስልክ ካርድ ዘመን ነበር። እናቷ ሆሳዕና ጎረቤት ቤት ስልክ ሥር ተቀምጠው ሲመርቁ፣ ጸዳለ ነጭ ልብሷን ለብሳ መነጋገሪያውን በጆሮዋና በሰለሞን ጆሮ መሃል ይዛ ስትሰማ፣ እናቷ አመስግነው፣ ዘመድ ጠርተው፣ «ውለዱ» ከማለታቸው መስመሩ ጭልጥ አለ። ካርዱ አልቋል። ሌላ ካርድ ተገዝቶ ሲደወል እማማ የሺሐረግ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ስንት ጊዜ አውርተዋል፤ ግን የሠርግ ምርቃት እንደ ወሬ ካቆመበት አይቀጠልም። ስለዚህ ወለዱ፤ ሣሮንን። ቀሪው «ክበዱ» ግን ቀይ ባሕር ላይ የሆነ ቦታ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰለሞን የከፈተው ሱቅ ሲዘጋ፣ ጸዳለ የጠበቀችው ሹመት ለሌላ ሲሰጥ፣ ሌላው ቀርቶ ምንም ብትበላ አልወፍር ስትል፣ «ምን ይደረግ፣ ክበዱ አልተባልን» ትላለች። የሰማ ይስቃል። እሷ ስትስቅ ያየ ግን የለም። ለሣሮን የምትፈልገው ሙሉውን ነበር፣ እስከ አሜን ድረስ።

ኮምፒዩተሩ ወደ ቤቷ የመጣው ለዚህ ነው። ኢዮሲያስ በእጁ የገጣጠመው፣ የሕፃን አልጋ የሚያህል ነገር፤ ሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ሆሳዕናንና አዳራሹን ማገናኘት ይችላል ተባለ። ሣሮን የሁለቱን ልጅነት ከየፎቶው ሰብስባ ፊልም እንድትሠራበት፣ ከአያቷም ጋር እንድትለማመድበት ሳሎን ተቀመጠ። አንዱ ጎኑ መስታወት ነው። በመስታወቱ ውስጥ ሽቦው፣ ማራገቢያው፣ የሚያበራ ሐምራዊና አረንጓዴ መብራቱ ሁሉ ይታያል። ጸዳለ ፊት ለፊቱ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው። ብዙ ቀዶ ጥገና አይታለች፤ ሆዱ ተከፍቶ ዘመድ የሚቀበል ግን አይታ አታውቅም።

ወዲያው ካሳነሽን ጠራቻት። ካሳነሽ እዚያው ሰፈር ሞግዚት ሆና የምትሠራ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ማዳሟ አርብ ከሰዓት ስትለቃት ኪሮሿን ይዛ ከጸዳለ ቤት አትጠፋም። ሁለቱ ሳጥኑን እንደ ሙሉ ልብስ ለኩት፤ ቁመት፣ ወገብ፣ ጀርባ። በጌጡ ላይ ግን ተጣሉ። ካሳነሽ መስቀል ካልገባበት እጄን አላነሳም አለች። ጸዳለ ለጴንጤ ቤት ርግብ ነው የሚስማማው አለች። ካሳነሽ፣ የእናንተ ርግብ ሁልጊዜ ዶሮ ነው የሚመስለው ብላ አሳቀቻት፤ በመጨረሻ በጽጌረዳ ታረቁ። ዳንቴል ቀዳዳ ስላለው፣ በቀዳዳውም የሳጥኑ አንጀት ስለሚታይ፣ ጸዳለ ከሥሩ ወፍራም ሳቲን ገበር አደረገችበት። አቧራም አያስገባም። ሲያልቅ ከአናቱ እስከ እግሩ፣ ከፊት እስከ ጀርባ ተሸፈነ፤ የተተወለት ሽቦዎቹ የሚወጡበት ብቻ ነው። በሳቲኑ ውስጥ ሐምራዊው መብራት ደብዘዝ ብሎ ሲያልፍ፣ ጽጌረዳዎቹ ሲመሽ እንደሚያብቡ አበቦች ሆኑ። ጸዳለ አጨበጨበች።

በማግስቱ ሣሮን ከአያቷ ጋር ልምምድ ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ሆሳዕና መጣች፤ እማማ የሺሐረግ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ካሜራው ተጠግተው ጤና ይስጥልኝ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሁሉም ነገር ጨለመ። ኮምፒዩተሩ ጠፋ። ከፈቱት፤ ትንሽ ሠራ፤ ደግሞ ጠፋ። ኢዮሲያስ በስልክ ሣሮንን እየመራ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳይ ቁጥር በስክሪኑ ጥግ እንድታወጣ አደረገ። ካሜራዎቹ ሥራ ሲጀምሩ ቁጥሩ ሽቅብ ሮጦ ዘጠና ሰባት ላይ ደረሰ።

«ዘጠና ሰባት ምንድን ነው?» አለች ጸዳለ።

«ዲግሪ፣ ማሚ።»

«ሴልሺየስ?»

«ኦፍ ኮርስ ሴልሺየስ።»

ጸዳለ ተነሥታ ሄዳ ፎጣ በውሃ ነክራ ጨምቃ መጣች። ሣሮን እጇን ዘርግታ መንገድ ዘጋችባት፤ ይሄ ኤሌክትሪክ ነው፣ ማሚ ፕሊስ። ጸዳለ ተመልሳ ከፍሪጅ በረዶ አመጣች። እሱም ተከለከለ። ከዚያ ስልኩን ተቀብላ ኢዮሲያስን እንደ ሐኪም ጠየቀችው፤ የዚህ ነገር ጤነኛ ሙቀቱ ስንት ነው?

ኢዮሲያስ በትዕግሥት አስረዳት። ሲያርፍ አርባም፣ ሃምሳም ቢሆን ጤነኛ ነው። ሥራ ሲበዛበት ስድሳ፣ ሰባ ይገባል፤ እስከ ሰማንያ ድረስ ማንም አይደነግጥም። ከዚያ በላይ ሲሄድ ግን ነገር አለ ማለት ነው። ዘጠና አምስት አካባቢ ራሱ ሥራውን ያዘገያል፤ መቶ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። እንደየዓይነቱ ትንሽ ይለያያል እንጂ ነገሩ ይኸው ነው፣ እትዬ።

ጸዳለ ይህን ስትሰማ የበረዶውን ከረጢት እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሰባ ዲግሪ ሆኖ ጤነኛ የሚባል ፍጡር አለ። ያውም እንዳይሞት ብሎ ራሱን የሚስት። ሰው እንኳ ይህን ብልሃት አልተሰጠውም፤ ምናልባት ሠርግ ላይ ሥራ ሲበዛ ከሚወድቁ አንዳንድ የሙሽራ አክስቶች በቀር።

ኢዮሲያስ ቅዳሜ ራሱ ሊያየው ከአቡ ዳቢ እመጣለሁ አለ። ጸዳለ አማች ፊትማ በቆሸሸ ዳንቴል አይቀረብም ብላ አወለቀችው፤ አጥባ፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ስታርች ውስጥ ነክራ በረንዳ ላይ ሰቀለችው። ኢዮሲያስ መጥቶ ኮምፒዩተሩን ቢያሠራው፣ ሦስቱንም ካሜራ ቢከፍትበት፣ ስድሳ አምስት ላይ ቁጭ አለ። ሻዩን ጠጥቶ ደስ ብሎት ሄደ። ዳንቴሉ ደርቆ፣ ተተኩሶ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። እሑድ ዘጠና ሰባት።

ጋራዦቹና ጥገና ቤቶቹ ወዳሉበት ሰፈር፣ ወደ ሰናይያ ወሰዱት። እዚያ የሚጠግን ሳዳም የሚባል የወሎ ልጅ አለ፤ ከፍቶ የግማሽ በረሃ አሸዋ አራገፈለት፣ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባው። ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሠራ፤ እንደ ግመል ረጋ ብሎ። ቤት ሲመለስ ለብሶ፣ ጠፋ። ሳዳም በስልክ ሲነገረው አስቦ አስቦ፣ ዕቃው ምንም የለበትም፣ ምናልባት ቤታችሁን አልወደደውም ይሆናል አለ።

ካሳነሽ ጠበል ይሻለዋል አለች። ጸዳለ፣ ውሃ እንደማይወድ በፎጣ ተሞክሯል አለቻት። ጸዳለ የምታመልክበት የክርስቲያኖች ኅብረት የጸሎት ክፍል እህቶች መጡና ከበው እጃቸውን ጫኑበት፤ ዳንቴሉ ላይ። ከእጃቸው ሥር ሙቀት ተሰማቸው። ሁለቱ ይህን እንደ መልካም ምልክት ወሰዱት። ስለ ዳንቴሉ የተናገረ ሰው ቢኖር በጣም ያምራል ያሉት ብቻ ናቸው። ሣሮን እንኳ ዓይኗን የገለጠችው ዳንቴል ውስጥ ነው፤ ያ ቤት ውስጥ ዳንቴልን ማየት አየርን እንደ ማየት ነው።

የሠርጉ ሳምንት ገባ። ሰለሞን፣ ለምን እማማ ቀድመው ተቀርጸው አይላኩልንም የሚል ሐሳብ አመጣ። ጸዳለ አየችው። የተቀረጸ ምርቃት አሜን ሲሉት አይሰማም አለች፤ በዚያው ነገሩ ተዘጋ። ግን ከዚያ በኋላ ምግብ አስጠላት። ሣሮንም የሷ ዕጣ እንዳይደርሳት፣ አፍ ተከፍቶ ቃል እንዳይቀር።

ረቡዕ ጠዋት ክሊኒክ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋ ገባች። ውጭው ነሐሴ ነው፤ መኪና በእጅ አይነካም። ሕፃኑ ግን በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ነጭ የክር ቆብ እስከ ቅንድቡ ተደፍቶለታል። ሠላሳ ዘጠኝ። ጸዳለ ስንት ዓመት በየቀኑ የምትለውን፣ ሳታስበው ከአፏ የሚወጣውን ንግግር ጀመረች።

«እየነደደ ታለብሺዋለሽ እንዴ እናቴ? በምኑ ይተንፍስ? አውልቂለት፣ ትኩሳቱ መውጫ ይፈልጋል…»

እዚህ ላይ አቆመች። ቆቡ እጇ ላይ ነው። ነጭ ነው፤ ዳር ዳሩን ጽጌረዳ አለው።

እናትየዋ ልጄ ምን ሆነ ብላ ደነገጠች። ጸዳለ ምንም አልሆነም ብላ ሕፃኑን በሥርዓቱ አየችው፣ መድኃኒቱን ሰጠችው፣ ለሐኪሙ አስረከበችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለሣሮን ደወለች።

«ልብሱን አውልቂለት» አለቻት።

«የማንን?»

«የኮምፒዩተሩን። ሁሉንም። ራቁቱን ይሁን።»

 ሣሮን ሦስቱን ካሜራ እንደከፈተች ልብሱን ገፍፋ ቁጥር መቁጠር ጀመረች፤ ዘጠና አንድ፣ ሰማንያ ሦስት፣ ሰባ አራት፣ ስድሳ ስድስት። እዚያ ቆመ። ጸዳለ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ሣሮን ወዲያው ለኢዮሲያስ ነገረችው። አቧራ ጠይቋል፣ ማራገቢያ ጠይቋል፣ ቅባት ጠይቋል፤ ኮምፒዩተሩ ምን ለብሷል ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ግን እስካሁን አልተፈጠረም። ቆይ አንዴ አላት፤ ከዚያ የቢሮው በር ሲዘጋ ሰማች።

ጸዳለ ዳንቴሉን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው፤ ለመመለሻው መንገድ፣ ጠፍቶ ሲጓዝ ነው የምታለብሰው። በሠርጉ ቀን ግን የኮምፒዩተሩ አስታማሚ እኔ ነኝ ብላ አወጀች። የሙሽራ እናት እንዲህ አይነት ሥራ ላይ አትቀመጥም ቢሏት አልሰማችም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ኮምፒዩተሩ ከትልቁ ስክሪን አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ራቁቱን ተቀምጦ ሐምራዊ ያበራል፤ ጸዳለ የሐር ቀሚሷን ለብሳ ከቁጥሩ ፊት ተቀምጣለች። ዝማሬው ሲጀምር ስድሳ ስምንት። ስድሳ ዘጠኝ። ሰባ። ኢዮሲያስ የነገራትን ታውቃለች፤ ሰባ ጤና ነው። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ሠላሳ ስምንት ሲያይ ብድግ ያለ እግር ሰባ እያየ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሰባ ሁለት ሲሆን ተነሥታ የአዳራሹን ሠራተኛ ፈለገች፤ አየር ማቀዝቀዣውን አሥራ ስድስት ላይ አድርግልኝ አለችው። እንግዶቹ ይበርዳቸዋል አለ። በሽተኛ አለብኝ አለችው።

ብዙም ሳይቆይ የሚዜዎቹ ክንድ እንደ ተነጨ ዶሮ ሆነ። ዘማሪዎቹ ሃሌ ሉያውን በጥርሳቸው አጀቡት። ከሁሉ የባሰበት ሰለሞን ነው፤ ሳይነስ የሚባለው የአፍንጫ ሕመሙ ቤት ውስጥ እንኳ ማቀዝቀዣውን ከሃያ ስድስት በታች አይፈቅድለትም፣ ሪሞቱንም ኪሱ ይዞት ነው የሚዞረው።

የምርቃቱ ሰዓት ደረሰ። ሙሽሮቹ ከስክሪኑ ፊት ተንበረከኩ። ወላጆች ከጎን ቆሙ፤ የሰለሞን ቦታ ከጠረጴዛው አጠገብ ነበር። እማማ የሺሐረግ ነጠላቸውን አስተካክለው አዳራሹን አክለው ታዩ። አመሰገኑ። ዘመድ መጥራት ጀመሩ፤ የሞተውንም ያለውንም፣ በየተራ፣ ማንንም ሳይዘሉ።

ቁጥሩ ሰባ ስድስት ሆነ። ሰማንያ አንድ። ጸዳለ ማራገቢያውን አየች፤ ይዞራል። ሽቦዎቹን አየች፤ ደህና ናቸው። ሰማንያ ስድስት። እማማ የሺሐረግ የሰለሞን ወገን ላይ ደርሰዋል። ጸዳለ ጎንበስ ብላ ወደ ሳጥኑ ጀርባ አየች። የሙሽራዋ አባት ኮቱን እንደ ክንፍ ዘርግቶ፣ ጀርባውን ለኮምፒዩተሩ መተንፈሻ ሰጥቶ፣ ዓይኑን በምቾት ጨፍኖ እሳት ይሞቃል።

«ሰለሞን» አለች በሹክሹክታ። «ከዚያ ዞር በል።»

«ትንሽ ጊዜ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ሳይነሴ።»

ዘጠና አንድ። ኮቱን ይዛ ጎተተችው፤ አልነቃነቅም አለ፤ በዚያ አዳራሽ ሙቀት ያለው ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ዘጠና አራት። ከስክሪኑ ድምፅ መጣ፤ «ውለዱ» የሚል። ያኔ የእማማ የሺሐረግ ፊት ቆመ። አፋቸው እንደተከፈተ፣ እጃቸው እንደተነሣ ቆመ። 

ጸዳለ ቦርሳዋን ከፍታ ዳንቴሉን አወጣች። በባሏ ትከሻ ላይ፣ ከነሳቲን ገበሩ ጣለችለት፤ ሁለቱን ጫፍ አንገቱ ላይ ይዛ እንደ በግ ጎትታ ወደ ፊት አመጣችው። ከሳጥኑ ጀርባ የታፈነው ሙቀት ፊቷን መታት፤ ዓይኗን ግን ከቁጥሩ ላይ አልነቀለችም። ዘጠና ሁለት። ሰማንያ ሰባት። ሰማንያ። አያት ዓይናቸውን አርገበገቡ።

«ክበዱ» አሉ።

አሜኑ የአዳራሹን መስታወት አንቀጠቀጠው፤ ግማሹ ከብርድ የመጣ ቢሆንም። ጸዳለ ያን ቃል ስትሰማ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ ቀሚሷ ላይ ወረደ። እናቷ ከስክሪኑ ላይ ሆነው ፈለጓት።

«ጸዳሌ፣ ምን ያስለቅስሻል?»

«እኔን አልጨረስሽልኝም ነበር እማዬ» አለች። «ያኔ ካርዱ አልቆ፣ ውለዱ ላይ ቀረ።»

እማማ የሺሐረግ አሰቡ።

«ያለቀው ያንቺ ካርድ ነው እንጂ የኔ አፍ መች አለቀ?» አሉ። «እኔ እስከ መጨረሻው መርቄ፣ አሜኑንም ራሴ ብዬ ነው ስልኩን የዘጋሁት።»

ጸዳለ ስንት ዘመን ለሁሉ ነገር ምክንያት ያደረገችው ቃል ከአናቷ ላይ ተነሣ። ሱቁም፣ ሹመቱም፣ አለመወፈሩም ከእንግዲህ ባለቤት የላቸውም። ወደ ስክሪኑ ጥግ አየች። ሰባ ሁለት። አልተነሣችም።

እማማ የሺሐረግ ግን ዓይናቸው ሌላ ነገር ላይ ወድቆ ነበር። ዳንቴል ጸዳለን ያስተማሩ እሳቸው ናቸውና ከሆሳዕና ሆነው አንድ በአንድ እያዩት ነበር።

«ሰለሞንን ምን ሆኖ ነው ያለበስሽው?»

«በርዶት ነው።»

«አቡ ዳቢ?»

 እማማ የሺሐረግ ወደ ካሜራው ተጠግተው ሰለሞንን ከትከሻው እስከ ወገቡ መረመሩት።

«ጽጌረዳው አምሯል» አሉ። «ግን ትከሻው ላይ አራት ማዕዘን ሆነብሽ።»